መንደሩ መንገድ አለው፤ ጎጦቹስ?

ውድ ልጆቼ፣

አንዲት የጂኦግራፊ ተማሪ «የአንድ የህንድ ገጠር መንደር የሕዝብና የትራንስፖርት መረጃ ይዣለሁ፤ ከየትኛው ቁጥር ልጀምር?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ጸጸት ቀሰቀሰብኝ። «መንገድ አለ» የሚለውን ምልክት ለዓመታት እንደ ሙሉ መልስ ቆጥሬዋለሁ። ስለዚህ ከመንገዱ ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ2011 የተደረገው የህንድ ቆጠራ የመንደር ማውጫ የሕዝብና የግል አውቶቡስ፣ የባቡር ጣቢያ፣ ባጃጅ፣ ትራክተር፣ በእንስሳ የሚጎተት ጋሪ እያለ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። አገልግሎቱ በመንደሩ ከሌለ፣ ያለበት ቅርብ ቦታ ርቀት በፊደል ይገለጻል፦ ኤ ከ5 ኪሎ ሜትር በታች፣ ቢ ከ5 እስከ 10፣ ሲ ከ10 በላይ። ስለዚህ አውቶቡስ 400 ሜትር የሚርቀውም ሆነ 4.9 ኪሎ ሜትር የሚርቀው መንደር ያው ኤ ነው። የታመመ ሰው ተሸክሞ ለሚሄድ ግን ልዩነቱ ብዙ ነው።

ከዚህ የሚከፋው «መንደር» የሚለው ቃል ነው። በቆጠራው መንደር ማለት በመሬት መዝገብ ወሰን ያለው ክልል ነው፤ በውስጡ እኛ ጎጥ የምንላቸው ተራርቀው የሰፈሩ ቤቶች ሊኖሩ ይችላሉ። አውቶቡሱ ዋናው ጎጥ ላይ ከቆመ መላው መንደር «አለ» ተብሎ ይመዘገባል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 የተጀመረው የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የገጠር መንገድ መርሐ ግብር ይህን ስለተረዳ መለኪያውን ጎጥ አደረገ። በመጀመሪያው መስፈርት፣ በ2001 ቆጠራ ሜዳ ላይ 500 እና ከዚያ በላይ፣ በተራራማ፣ በበረሃማና በጎሳ አካባቢዎች ደግሞ 250 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ያለው ጎጥ መንገድ ይገባዋል። አሁን ሜዳ ላይ ያለ 1,300 ሰው የሚኖርበት መንደር አስቡ፦ ዋናው ጎጥ 700፣ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 300፣ ሦስቱም በሁለት በሁለት ኪሎ ሜትር የተራራቁ። መንገዱ 700ዎቹ ዘንድ ይደርሳል። 600ው ሰው ከመስፈርቱ በታች ይቀራል፤ በማውጫው ግን መንደሩ መንገድ አለው።

አስፋልት ማየትም አያታልላችሁ። ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ የግድ አስፋልት አይደለም፤ ዋናው ውኃ ማሳለፊያ ቱቦውና ትንሿ ድልድይ ናቸው። የህንድ ዝናብ እንደ እኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነውና፣ ቱቦ የሌለው አስፋልት ነሐሴ ላይ ሲቆረጥ ቱቦ ያለው የጠጠር መንገድ ያሳልፋል።

የዛሬ ወጣቶች ሠንጠረዥ በማቀነባበር ትበልጡናላችሁ። ካርታ ግን አትከፍቱም፤ ይህ ያሳዝነኛል። የሳተላይት ምስል ላይ የጣሪያ ስብስቦችን ቁጠሩ፤ ርቀቱንም ቀጥ ባለ መስመር ሳይሆን በእግር መንገዱ ለኩ።

ከመንገዱ ጀምሩ ብያለሁ፤ ሆኖም የሕዝቡ ቁጥር ከተሳሳተ መንገዱም አይረዳችሁም። ለምሳሌ 1,200 ሰው፣ ከዚያም ውስጥ 180 ከ0 እስከ 6 ዓመት ያሉ ሕፃናት፣ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ደግሞ 714 ቢሆኑ፣ ሕፃናቱ ከስሌቱ ስለሚወጡ 714 የሚካፈለው ለ1,020 ነው፤ 70 በመቶ ይሆናል። ለ1,200 ያካፈለ 59.5 ያገኛል። ወጥመዱ «ማንበብ የማይችሉ» የሚለው ዓምድ ሕፃናቱንም መቁጠሩ ነው። የፆታ ምጣኔውም ለ1,000 ወንዶች ስንት ሴቶች ማለት ነው፤ 620 ወንድና 580 ሴት 935 ይሰጣሉ፤ የ2011 የአገሪቱ አማካይ 943 ነበር። ትንሽ ጎጥ ላይ ግን ይህን ቁጥር አትመኑት፤ ሦስት ቤተሰብ ሥራ ፍለጋ ከሄደ ይገለበጣል።

የሚቀጥለው ቆጠራ ማጣቀሻ ቀን፣ ማለትም ቁጥሩ የሚያመለክተው ዕለት፣ ለአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 2027 ነው። እስከዚያ «የአሁኑ ሕዝብ» የተባለ የመንደር ቁጥር ስታገኙ ከቆጠራ አልመጣምና ምንጩንና ዓመቱን አጠገቡ ጻፉ።

ለጠየቅሽኝ ልጄ፦ መንደርሽ ስንት ጎጥ እንዳለውና የትኛው ወንዝ እንደሚለያቸው አጣርተሽ ላኪልኝ፤ ሠንጠረዡን ያኔ አብረን እናየዋለን።