የወታደሮቹ እጅ በሱፐር ግሉ አልያዝ ሲል

የስፔስ ማሪኖችህ (የዋርሀመር የጠረጴዛ ጨዋታ ትንንሽ ወታደሮች) እጅ በሱፐር ግሉ ስታጣብቀው እየወለቀ ያስቸገረህ ሙጫ ስላሳነስክ አይደለም፤ የሙጫው ዓይነት ነው። የዋርሀመር ወታደሮች በአብዛኛው ፖሊስታይሪን ፕላስቲክ ናቸው። የፕላስቲክ ሞዴል ሙጫ ግዛ። እሱ ሁለቱን ገጽ በትንሹ አቅልጦ አንድ ያደርጋቸዋል። ሱፐር ግሉ ግን ላዩ ላይ ደርቆ ስለሚቀር ትንሽ ሲነካ ይለቃል።

1. ትከሻውም እጁም ላይ የደረቀውን ሙጫ በቢላ ፍቀህ አንሳ። አዲሱ ሙጫ ራሱን ፕላስቲኩን መንካት አለበት።
2. ሙጫ ሳትቀባ ገጥመህ ሞክር። ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት ፍሬም ስትቆርጠው የቀረ ጉጥ ካለ ሞርደው።
3. በጣም ትንሽ ቀባ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ያዘው፣ ከዚያ እስከ ነገ አትንካው። መስኮት ክፈት፤ ሽታው ከባድ ነው።

ሬዚን (ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ መሰል ነገር) ወይም ብረት ላይ ይሄ ሙጫ አይሠራም። እዚያ ሱፐር ግሉህን ተጠቀም።

አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ የመጀመሪያዎቹን አሥሩን በአንድ ማታ አጣብቄ ጨረስኩ። ቀለም ስጀምር ጠመንጃው ደረቱን ሸፍኖት ብሩሽ አልገባ አለኝ፤ በጣም ነው ያዘንኩት። ያንተ እጆች አሁን ወልቀዋል፣ ስለዚህ ከማጣበቅህ በፊት ደረቱን ቀለም ቀባ። የሚጣበቅበትን ቦታ ግን ቀለም አታስነካው፤ ሙጫው በቀለም ላይ አይዝም።