ብርጋዴር፦ ጄኔራል አይደለም፤ የሥራ መደብም አይደለም

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 19 ነው። በ11 ዓመቴ ከእናቴ ጋር ወደ ሊድስ መጣሁ፤ ቋሚ መኖሪያ አለን፣ ዜግነት ግን አልጠየቅንም። ዘንድሮ ኤ ሌቭል (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያውን) እጨርሳለሁ። እናቴ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ እንድማር ይፈልጋሉ፤ እኔ በእንግሊዝ ጦር ብርጋዴር መሆን ነው የምፈልገው። ድሮ ወታደር የነበሩት አጎቴ «እሱ ጄኔራልነት ነው፣ ለሴት ልጅ ማን ይሰጣል» ብለው ሳቁብኝ። ስንት ዓመት ይፈጃል? ዩኒቨርሲቲውን ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከአጎትሽ ልጀምር። ለመሳሳታቸው ምክንያት አላቸው። በእኛ ጦር ከኮሎኔል በላይ ያለው ብርጋዴር ጄኔራል ነው፤ ስለዚህ «ብርጋዴር» ሲሰሙ ቀሪውን ራሳቸው ሞሉት። እንግሊዞችም አንድ ጊዜ እንደዚያ ይሉ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማዕረጉን ሰረዙት፤ እ.ኤ.አ. በ1928 ሲመልሱት «ጄኔራል» የሚለውን ቃል ጥለውት ነው። ዛሬ የእንግሊዝ ብርጋዴር ከኮሎኔል በላይ፣ ከሜጀር ጄኔራል በታች ነው፤ ከጄኔራሎች ግን አይቆጠርም። ትከሻው ላይ ዘውድና ሦስት ኮከብ አለ፤ የጄኔራሎቹ የተሻገረ ጎራዴና በትር የለም። በባሕር ኃይሉ እኩያው ኮሞዶር፣ በአየር ኃይሉ ኤር ኮሞዶር ነው። አዲስ አበባ ሳለሽ የሳንድፎርድ ትምህርት ቤትን ስም ሰምተሽ ይሆናል፤ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ሚሽን 101 የተባለውን ቡድን ይዘው ጎጃም የገቡት ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚታወቁት በዚሁ በብርጋዴርነት ማዕረግ ነው።

«ለሴት ልጅ ማን ይሰጣል» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ሻሮን ነስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝ ጦር ብርጌድ ያዘዙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ በኋላም ጄኔራልነት ደርሰዋል። የመጡት ከመገናኛ ክፍሉ ነው፣ ማለትም ሬዲዮ፣ ኔትወርክና ኤሌክትሪክ ከሚሠራበት። ይህን ለእናትሽም ንገሪያቸው። ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ ደግሞ እግረኛውን ጨምሮ ለሴት የተዘጋ የሥራ ዘርፍ የለም።

አሁን ወደ አንቺ። ጥያቄሽን ሳነብ የከበደኝ አንድ ነገር አለ፦ ብርጋዴርነት አመልክተሽ የምትቀጠሪበት ሥራ አይደለም። ከውጭ ገብቶ ብርጋዴር የሚሆን የለም። ሳንድኸርስት በሚባለው የመኮንኖች ማሠልጠኛ አካዳሚ 44 ሳምንት ትሠለጥኛለሽ፤ ስትጨርሺ ምክትል መቶ አለቃ ነሽ። ሠላሳ ያህል ወታደር ይሰጥሻል፤ አንዳንዶቹ በዕድሜም በልምድም ይበልጡሻል፤ አጠገብሽ ሥራውን ከአንቺ አሥር እጥፍ የሚያውቅ ሃምሳ አለቃ ይቆማል። ከዚያ መቶ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ እያልሽ ትሄጃለሽ። ሻለቃ ለመሆን በተለምዶ ስምንት፣ አሥር ዓመት ይፈጃል። ከሻለቃ በላይ ግን ዓመት ስለቆጠርሽ የሚመጣ ነገር የለም። የየዓመቱ የሥራ ግምገማሽ ቦርድ ፊት ይቀርባል፣ ከእኩዮችሽ ጋር ትወዳደሪያለሽ፣ ክፍት ቦታውም ጥቂት ነው። መሃል ላይ ሽሪቨንሃም የሚገኘው የአዛዦችና የስታፍ ኮሌጅ አለ፤ ኮሎኔልና ብርጋዴር ከደረሱት ደግሞ የተመረጡት ለንደን ወዳለው የመከላከያ ጥናት ኮሌጅ ይላካሉ። ሁሉም ከቀናሽ በአርባዎቹ ዕድሜሽ አጋማሽ ወይም ማገባደጃ ላይ ብርጋዴር ልትሆኚ ትችያለሽ። ሃያ ዓመት ከምናምን በይው።

ደግሞም አብዛኛው መኮንን እዚያ አይደርስም። ሻለቃ ወይም ሌተናል ኮሎኔል ሆኖ በክብር የሚወጣው ይበዛል፤ ይህም ውድቀት አይደለም። ከደረሱትም ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ሺህ ሰው ያለውን ብርጌድ የሚያዙት ጥቂቶቹ ናቸው። ሌላው አንዶቨር ባለው የጦሩ ዋና መሥሪያ ቤት ወይም በመከላከያ ሚኒስቴር ጠረጴዛ ላይ በጀት፣ ዕቅድና የሰው ኃይል ሲመለከት ይውላል፤ ወይም በኤምባሲ የመከላከያ አታሼ ይሆናል። ስለዚህ ራስሽን የምትጠይቂው እንዲህ ብለሽ ነው፦ ብርጋዴር ባልሆንም፣ በ23 ዓመቴ ዝናብ እየመታኝ ሠላሳ ሰው መምራት ደስ ይለኛል? አዎ ካልሽ ቀጥዪ። የምትፈልጊው ዘውዱንና ኮከቡን ብቻ ከሆነ መንገዱ ሳያልቅ ይሰለችሻል።

ከሁሉ በፊት የሚመጣውን ነገር ግን በደብዳቤሽ ዘለል አድርገሽ አልፈሽዋል፦ ዜግነት። መደበኛው ጦር የሚቀበለው የእንግሊዝ፣ የአየርላንድና የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎችን ነው። ኢትዮጵያ ኮመንዌልዝ ውስጥ የለችም። ስለዚህ ቋሚ መኖሪያ ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ ከበሩ ይመልሱሻል። አምስት ዓመት በአገሩ ኖረሽ፣ ቋሚ መኖሪያውን ካገኘሽ 12 ወር ካለፈ ለዜግነት ማመልከት ትችያለሽ። ይህን ከማድረግሽ በፊት ግን ቁጭ ብለሽ አስቢበት። በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። በአዋጅ 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ ብዙውን ነገር ይመልስልሻል፤ ምርጫንና በመከላከያ፣ በደህንነትና በውጭ ጉዳይ በቋሚነት መቀጠርን ግን አይመልስም። ጦሩ ስትገቢ ደግሞ ለንጉሡ ቃል ትገቢያለሽ፤ የትና መቼ እንደምትዘምቺ የምትመርጪው አንቺ አትሆኚም። የእናትሽ ፍርሃት ከዚህ ይመስለኛል፤ አጎትሽ እንደሳቁት በሳቅ አትለፊው።

ዩኒቨርሲቲውን አትተዪ። ለመኮንንነት ዲግሪ ግዴታ ባይሆንም አብዛኞቹ ይዘው ነው የሚገቡት፤ በሩ የሚዘጋው ደግሞ 30 ዓመት ከመሙላትሽ በፊት ስለሆነ ጊዜ አለሽ። ኢንጂነሪንጉ በተለይ ለመገናኛ፣ ለመሐንዲስና ለጥገና ክፍሎቹ በቀጥታ ይጠቅምሻል፤ ጦሩን ብትተዪውም እንጀራ ነው። እዚያው እየተማርሽ የዩኒቨርሲቲ መኮንኖች ማሠልጠኛ፣ ኦቲሲ የሚሉት፣ አለ። አንዳንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በሳምንትም አንድ ምሽት ትሠለጥኛለሽ፤ ለሠለጠንሽበት ቀን ይከፈልሻል፤ ስትመረቂ ጦሩ ውስጥ ግቢ ብሎ የሚያስገድድሽ የለም። ጭቃውንና ትዕዛዙን በርካሽ የምትቀምሺበት ቦታ ነው። ዜግነቱን ስለሚጠይቁሽ ግን የዚያን ጉዳይ አስቀድመሽ ጨርሺ።

ዋናው ፈተና ዌስትበሪ ነው፤ መኮንን የሚመረጥበት ቦርድ እዚያ ይቀመጣል። መጀመሪያ አጭር ማጣሪያ፣ ከዚያ ሦስት ቀን ተኩል የሚፈጅ ዋና ምርጫ። በርሜል፣ ጣውላና ገመድ ሰጥተው ቡድንሽን አሻግሪ ይሉሻል። ብዙዎች የሚወድቁት ግን ጉልበት አንሷቸው አይደለም፤ የዕቅድ ጥያቄው ላይ ነው፦ አንድ ታሪክ ይሰጥሻል፣ ጊዜ ያጥራል፣ ርቀትና ፍጥነት እያሰላሽ መኪናው በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ትናገሪያለሽ፣ ከዚያ ለምን ያንን መንገድ መረጥሽ እያሉ ያፋጥጡሻል። ያለ ካልኩሌተር የርቀትና የፍጥነት ስሌት ከዛሬ ጀምረሽ ተለማመጂ፤ ጋዜጣ አንብቢ፣ በቃልም ተከራከሪ። ሳንድኸርስት የሚገባው ሰው የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛውን ተሸክሞ ነው የሚደርሰው፤ እሱን ያኔ እንገዛዋለን።

በዚህ ሳምንት ከእናትሽ ጋር ስለ ዜግነቱ ተቀመጡ፤ የኢንጂነሪንግ ማመልከቻሽን አታቋርጪ። የምዝገባው ዓመት ሲደርስ ጻፊልኝ፤ የዕቅድ ጥያቄውን በስልክ አብረን እንለማመዳለን።