የመኪና ሶላር ከመግዛትህ በፊት ፍሪጁን አስብበት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ዶልፊንህ ውስጥ መኝታ ሠርተሃል። ከቤተሰብህ ጋር ላንጋኖና ባሌ እየወጣህ ልታድር ነው። ለመብራት፣ ለስልክ፣ ለላፕቶፕና ለትንሽ ፍሪጅ የሚሆን ርካሽ መጠባበቂያ ሶላር ምን ልግዛ ነው ያልከው። እኔ የራሴን ሁለት ጊዜ ነው የሠራሁት። የመጀመሪያው የኪሳራ ነበር።

ከፍሪጁ እንጀምር፤ ወጪህን የሚወስነው እሱ ነው። ሁለት ባለ 5 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት ቢበራ 50 ዋት-ሰዓት (ዋቱ በሰዓቱ ሲባዛ) ነው። ሦስት ስልክ 60 ገደማ፣ ላፕቶፑ አንዴ ሲሞላ ሌላ 60። ትንሽ ፋን ብትጨምርበት እንኳ በቀን 230 አካባቢ ነው። ፍሪጁስ? በ12 ቮልት የሚሠራ፣ 45 ዋት የሚወስድ ትንሽ የኮምፕረሰር ፍሪጅ ከ24 ሰዓቱ 40 በመቶውን ቢሠራ ብቻውን 430 ይበላል። ሌላውን ሁሉ ደምረህ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው።

ለሁለት ሌሊት ጉዞ ከሆነ ፍሪጁን ተወው ባይ ነኝ። ቤትህ ፍሪዘር ውስጥ ሦስት አራት ሃይላንድ ውሃ በረዶ አድርገህ ደህና የበረዶ ሳጥን ውስጥ ክተት። ሥጋውም ለስላሳውም አይበላሽብህም፤ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ትጠጣዋለህ።

ያለ ፍሪጅ 100 ዋት ፓኔል፣ ባለ 12.8 ቮልት፣ 50 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪና ባለ 10 አምፔር ኮንትሮለር (ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው) ይበቃሃል። ባትሪው 640 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ፀሐይ ባይወጣም ሁለት ቀን ያቆይሃል። ፍሪጁ የግድ ነው ካልክ ፓኔሉም ባትሪውም ኮንትሮለሩም እጥፍ ይሁን። ዋጋ አልነግርህም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይለወጣል።

አሁን ስለ ኪሳራዬ። መጀመሪያ ላይ «ትልቅ ይሻላል» ብዬ 300 ዋት የቤት ፓኔል ገዛሁ። ሻጩ ፊቱ ላይ በትልቁ ኤምፒፒቲ (የፓኔሉን ትርፍ ቮልቴጅ ወደ አምፔር የሚለውጠው ዓይነት) የሚል ኮንትሮለር አብሮ ሰጠኝ። ገጠምኩት። በጠራራ ፀሐይ ከ9 አምፔር አላልፍ አለ። ቴስተር አወጣሁና ባትሪው ላይ ስለካ 13.4 ቮልት። የፓኔሉ ገመድ ኮንትሮለሩ ውስጥ የሚገባበት ላይ ስለካ 13.6። የፓኔሉ ጀርባ ላይ የተጻፈው ግን 32 ነው። ያኔ ገባኝ። ኮንትሮለሩ ፒደብሊውኤም የሚባለው ተራና ርካሽ ዓይነት ነው፤ ጽሑፉ የውሸት ነው። ተራው ኮንትሮለር የፓኔሉን ቮልቴጅ ጎትቶ የባትሪው ልክ ላይ ያወርደዋል። አምፔሩ ግን አይጨምርም። ከ300 ዋቱ ስንት አገኝ ነበር መሰለህ? 120።

ስለዚህ ሁለት ምርጫ አለህ። ወይ ለ12 ቮልት የተሠራ፣ ጀርባው ላይ 18 ቮልት አካባቢ የሚል ፓኔል በርካሹ ኮንትሮለር ትገጥማለህ፤ የተወሰነ ይባክናል፣ ግን ያዋጣል። ወይ የቤት ፓኔል በእውነተኛ ኤምፒፒቲ። እውነተኛው ከበድ ይላል፤ ውስጡ ትልቅ ጥቅል ሽቦ አለ። መዳፍህ ላይ እንደ ክብሪት ቀፎ የሚቀልህን አትመን።

የመኪና ባትሪ አሮጌ ስላለኝ እሱን ልጠቀም እንዳትል። እሱ ሞተሪኖ ለማስነሳት የተሠራ ነው። በየሌሊቱ ግማሹን እያወጣህለት ብዙ አይቆይልህም። በጀትህ ለሊቲየም ካልደረሰ የታሸገ ጄል ባትሪ ግዛ። ግን ከግማሽ በታች አታውርደው፤ 100 አምፔር-ሰዓት ቢል ያንተ 50ው ነው። ክብደቱም 30 ኪሎ ገደማ ነው። ሊቲየም ከገዛህ ደግሞ ባሌ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ስታድር ተጠንቀቅ። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊት ውርጭ አለ። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ መደረግ የለበትም። መኪናው ውስጥ፣ እናንተ የምትተኙበት ጋ አድርገው።

ገመድ ላይ አትሰስት። 10 አምፔር 5 ሜትር ርቀት ለማድረስ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ብትጠቀም 0.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። በ6 ካሬ 0.3 እንኳ አይሞላም። ፊውዙን ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ሳይርቅ አድርግ። መኪና ይንቀጠቀጣል፣ ሽቦ ቆርቆሮ ላይ ይፋጫል፣ ልጆችህ ደግሞ ከላዩ ተኝተዋል። ስትገጥም ኮንትሮለሩን መጀመሪያ ከባትሪው፣ ቀጥሎ ከፓኔሉ። ስትፈታ ፓኔሉን አስቀድም።

ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት 220 የሚለውጠው)? ለላፕቶፑ ብቻ ከሆነ በ12 ቮልት የሚሠራ የመኪና ቻርጀር ፈልግ። ትልቅ ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት 10 ዋት ሊበላ ይችላል። ቀንና ሌሊት ከተውከው 240 ዋት-ሰዓት ሄደ፤ የመብራትህም የስልክህም ድምር እዚያ አይደርስም። በሱ የውሃ ማፍያ ልሰካ ካልክማ ጨዋታው አለቀ። ቡናውን በከሰል አፍላ።

ፓኔሉን ፖርቶመጋላው ላይ ማሰር እንዳሰብክ ጽፈሃል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ችግሩ ላንጋኖ ስትደርስ መኪናህን የት ታቆማለህ? ግራር ጥላ ሥር። የአንድ ጀሪካን ጥላ እንኳ ፓኔሉ ላይ ካረፈ ኃይሉ ክፉኛ ይወርዳል፤ የዛፍማ አይነሳ። ሁለተኛውን ስሠራ ፓኔሉን ጣሪያው ላይ ሳላስረው ተውኩት። ስቆም አውርጄ በ6 ሜትር ገመድ ፀሐይ ላይ እዘረጋዋለሁ። አንዴ ድንጋይ ላይ አስደግፌው ስመለስ ሁለት ፍየሎች ጥላው ውስጥ ተኝተው አገኘሁ። ስለ ማዘንበሉ ብዙ አትጨነቅ፤ እኛ አገር ፀሐይዋ ከአናት ብዙም ስለማትርቅ ጠፍጣፋ ቢቀመጥም ያመጣል።

አንድ ነገር ግን አልነገርከንም። ስትወጣ በየቀኑ ትነዳለህ ወይስ አንድ ቦታ ሦስት ቀን ትቀመጣለህ? በየቀኑ ሦስት አራት ሰዓት የምትነዳ ከሆነ ከመኪናው ዲናሞ ባትሪህን የሚሞላ ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር ከፓኔሉ ይበልጥ ይጠቅምህ ይሆናል፤ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ። እሱን ጻፍልኝ፣ የፍሪጁንም ጀርባ ፎቶ አንስተህ ላክና አብረን እናስላው።