ስለ ግሪክ አማልክት ሥዕሎች ጠይቁኝ

ሳንጀምር አንድ ነገር፦ ፊቱን ተዉት፣ የያዘውን እዩ። አማልክቱ የሚታወቁት በዕቃቸው ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጦር ይዛ አጠገቧ ጉጉት ያለችው ማን ናት?

መልስ፦ አቴና።

ጥያቄ፦ ስለ አማልክቱ ጠቅለል አድርገው ቢነግሩን?

መልስ፦ የትኛውን ሥዕል አይተህ ነው? ሥዕል ይዘህ ና።

ጥያቄ፦ የሠዓሊው ብሩጌል «የኢካሩስ ውድቀት» ላይ ኢካሩስን አጣሁት።

መልስ፦ ተባረኪ! ይሄን ስጠብቅ ነበር። በስተቀኝ ታች፣ ከመርከቡ ሥር፣ ባሕሩ ላይ የሚንፈራገጡ ሁለት እግሮች አሉ። እሱ ነው። አባቱ ዴዳሉስ በላባና በሰም ክንፍ ሠራለት። ልጁ ፀሐይ ተጠጋ፣ ሰሙ ቀለጠ። ገጣሚው ኦቪድ አራሹ፣ እረኛውና ዓሣ አጥማጁ አባትና ልጁን ሲበሩ አይተው አማልክት መሰሏቸው ይላል። ብሩጌል ሦስቱንም ሣላቸው፤ ግን የሰመጠውን ልጅ ዞር ብሎ ያየ የለም። አራሹ ዓይኑን ከትልሙ አልነቀለም። አሁን ዓሣ አጥማጁ አጠገብ ቅርንጫፍ ላይ ያለችውን ወፍ እዩ። ቆቅ ናት። ዴዳሉስ በሙያ እንዳይበልጠው ሰግቶ የእህቱን ልጅ ከገደል ወርውሮት ነበር። አቴና አየር ላይ ቀለበችውና ቆቅ አደረገችው። ዴዳሉስ ልጁን ሲቀብር ቆቋ ክንፏን እያማታች ደስ አላት። ብራስልስ ያለው ሸራ ቅጂ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ቆቋ ግን አለች።

ሌላ አባል፦ ገጠር ነው ያደግሁት። ቆቅ መሬት ለመሬት ነው የምትሄደው፣ ቅርንጫፍ ላይ ምን ትሠራለች?

ሌላ አባል፦ ማታ ማታ ዛፍ ላይ ትወጣለች እኮ።

ሌላ አባል፦ እሱ ጅግራ ነው!

መልስ፦ ጅግራውን ተዉት። ኦቪድም ቆቅ መውደቋን ስለማትረሳ ከፍታ ትፈራለች ብሏል። ሥዕሉ ላይ ግን ቅርንጫፍ ላይ ናት።

ጥያቄ፦ አንድሮሜዳ፣ በተረቱ ለባሕር አውሬ የታሰረችው የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ፣ የኛ ልዕልት አይደለችም? ለምን ነጭ ሆነች?

መልስ፦ ይሄ ሦስተኛ ጊዜ ነው! ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ነው፤ የዛሬውን ካርታ አይደለም። ሠዓሊው ቲሲያን የሣላት ጋ ስትሄዱ ሰንሰለቱንና የባሕሩን አውሬ እዩ። ፊቱን ተዉት።

ሌላ አባል፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ እኮ ጥያቄው ፊቷ ነው።

መልስ፦ እሺ፣ ይሄስ እውነት ነው። ኦቪድ በአንድ ግጥሙ ጠይም ይላታል። በሌላው ደግሞ ያዳናት ጀግና ፐርሴየስ ዓለቱ ላይ ታስራ ሲያያት የእብነ በረድ ሐውልት መሰለችው። ሠዓሊዎቹ ሐውልቷን መረጡ።