ከሐረር ተነስታችሁ ተራራ ለመውጣት ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ለእረፍት ሐረር የመጡ ሰዎች ስለ ተራራ ጉዞ ብዙ ይጠይቁኛል። የሰሞኑን እነሆ።

ጥያቄ፦ ከልጆች ጋር ነን፤ ያለን አንድ ቀን ነው። ሐኪም ጋራን እንውጣ ወይስ ቁንዱዶን?

መልስ፦ ሐኪም። ከከተማው በስተደቡብ፣ አፍንጫችሁ ስር ነው። ልጆቹ ቢደክማቸው ወርዳችሁ ባጃጅ መያዝ ነው። ከላይ ስታዩት ግንቡ አሮጌውን ከተማ ጀጎልን እንደ መቀነት ዞሮት ይታያል። ቁንዱዶ ግን ሌላ ነው። ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ፣ አናቱ ጠፍጣፋ ተራራ ነው፤ እላዩ ላይ የዱር ፈረሶች ይግጣሉ። ፉኛን ቢራ በምትባል ከተማ በኩል ነው የሚኬደው። ሙሉ ቀን ስጡት። ያለ አገሬው መሪ አትሞክሩት።

ጥያቄ፦ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል። ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ሌላ 1 ሰዓት። ደርሶ መልስ 10 ኪሎ ሜትር ሆኖ 600 ሜትር ዳገት ካለው 3 ሰዓት ማለት ነው። እረፍቱ፣ ምሳውና ፎቶው ግን አልተቆጠረም። ልጅ ካለ እኔ ግማሹን እጨምራለሁ።

ጥያቄ፦ ስንት ሰዓት እንነሳ?

መልስ፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት። ከዚያ በላይ ግን የመመለሻ ሰዓታችሁ ያሳስበኛል። እሱን ዋዜማውን ቁረጡ። አንድ ጊዜ ቁንዱዶ ላይ "ትንሽ ብቻ" እያልን 9 ሰዓት ሆነ። ጉም ድንገት ወረደ። ከፊቴ የሚሄደው ጓደኛዬ ቀይ ሻርፕ እንኳ ጠፋኝ። ገደሉ የት እንደሚጀምር ስላላወቅን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ጉሙ ገለጥ ሲል ገደሉ አሥር እርምጃ አይሞላም ነበር። ከዚያ ወዲህ 7 ሰዓት ሲሆን የትም ልሁን የት እመለሳለሁ። ጫፉ ቢቀር ይቅር።

ጥያቄ፦ ከድሬ ነው የምመጣው። ጃኬት ያስፈልጋል?

መልስ፦ በጣም። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ይቀንሳል። ቁንዱዶ አናት ላይ ከ10 ዲግሪ በላይ ልዩነት ይጠብቅሃል፤ ነፋሱ ሳይቆጠር።

ጥያቄ፦ ውሃና ስንቅስ?

መልስ፦ ለአንድ ሰው 3 ሊትር። ቆሎ፣ ተምር፣ ሳምቡሳ። አዲስ ጫማ አታድርጉ።

ጥያቄ፦ የትኛው ወር ይሻላል?

መልስ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው ያንሸራትታል።

ጥያቄ፦ ጅቡስ?

መልስ፦ ቀን አያስቸግርም። ሲመሽ ግን ወደ ከተማው ይወርዳል፤ ስለዚህ ከ11 ሰዓት በፊት መንደር ግቡ።

ጥያቄ፦ መንገዱ በጫት ማሳ መሃል ከሆነስ?

መልስ፦ ዳር ዳሩን ሂዱ፤ ቅጠል አትንኩ። ባለቤቱን ስታገኙ በኦሮምኛ "አካም ጅርቱ" (እንደምን አላችሁ) በሉ። እኔ ብዙ ጊዜ አቋራጩን ያገኘሁት እንዲህ ሰላም ካልኳቸው ገበሬዎች ነው።