ከሪንግ ወደ ካሜራ፦ ለኮምቦልቻዋ እህታችን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ታናሽ ወንድምሽ 19 ዓመቱ ነው፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ቦክስ ይሠራል፣ በ60 ኪሎ ይጋጠማል ብለሻል። አሁን ደግሞ «ፊልም ተዋናይ ነው የምሆነው፣ አዲስ አበባ እሄዳለሁ» ብሎ ተነስቷል። እናታችሁ ተጨንቀዋል። አንቺም «ቦክሰኛ ሆኖ ተዋናይ የሆነ ሰው ኑሮው ምን ይመስላል? ወይስ ልጁ ከሁለት ያጣ ሆኖ ይቀራል?» ብለሽ ጠይቀሻል።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። በወጣትነቴ ቦክስ ሠርቻለሁ፣ ለከተማችንም ተጋጥሜያለሁ። ከዚያ በመድረክ ቲያትር በኩል ወደ ተከታታይ ድራማና ፊልም ገባሁ። ዛሬም እንጀራዬ እሱ ነው። ስለዚህ ያየሁትን እነግርሻለሁ። አብሽሪ፣ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ቀላልም ግን አይደለም።

መጀመሪያ ለእናትሽ ይህን ንገሪልኝ፤ ልጁ ያሰበው ነገር እብደት አይደለም። በዓለም ላይ ይህን መንገድ የሄዱ ብዙ ናቸው። ቪክቶር ማክላግለን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1909 ቫንኩቨር ላይ ከዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ከጃክ ጆንሰን ጋር ስድስት ዙር የትርኢት ግጥሚያ አድርጎ ነበር። ያው ሰው በ1935 በወጣ ፊልም በመሪ ተዋናይነት ኦስካር ወስዷል። ዳኒ ትሬሆን ደግሞ ወንድምሽ መልኩን ካየ ያውቀዋል። ሳን ኩዌንቲን እስር ቤት ውስጥ የቦክስ ሻምፒዮን ነበር። ከተፈታ በኋላ ከሱስ ለመውጣት የሚታገሉ ሰዎችን ይረዳ ነበር። በ1985 ወደወጣ አንድ ፊልም ቀረጻ የሄደውም አንድ ወጣት ወደ ሱስ እንዳይመለስ ሊያበረታታ ነው። እዚያም ከእስር ቤት የሚያውቀው የፊልም ጸሐፊ አየው። ለፊልሙ አንድ ተዋናይ ቦክስ እንዲያስተምር በቀን 320 ዶላር ቀጠሩት። ዳይሬክተሩም አይቶት ፊልሙ ውስጥ ከተተው። ያኔ ዕድሜው 40 ደርሶ ነበር። ወንድምሽ ገና 19 ነው፤ የሚያሯሩጠው ነገር የለም።

ለወንድምሽ ከሁሉም በላይ እንዲያውቀው የምፈልገው ግን ካናዳ ሊን ነው። ስሙ ካናዳ ይበል እንጂ በ1907 ኒው ዮርክ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ልጅ ሳለ ቫዮሊን ተምሯል። በ14 ዓመቱ ከቤት ጠፍቶ የውድድር ፈረስ ጋላቢ ለመሆን ሄደ። ኪሎው ሲጨምር አልሆነም፣ ወደ ቦክስ ዞረ። ዌልተር በሚባለው የክብደት ምድብ ስሙ ከሚነሳ ቦክሰኞች አንዱ ሆነ። ከዚያ በአንድ ግጥሚያ ዓይኑ ላይ ተመታ። ሬቲናው፣ ማለትም ከዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ተላቀቀ። የአንድ ዓይኑ ብርሃን ጠፋ፣ ቦክሱም አበቃ።

በ1934 ሥራ ፍለጋ ሐርለም ወደሚገኝ የወጣቶች ማኅበር ሄደ። እዚያ ለቲያትር ሰው እየተመረጠ ነበር። ተፈተነ፣ አለፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ አዘጋጁ ኦርሰን ዌልስ በጥቁር ተዋንያን ብቻ ባዘጋጀው የሼክስፒር ቲያትር ማክቤዝ ላይ ባንኮ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ተጫወተ። በ1941 በኒው ዮርኩ ትልቅ የቲያትር መንደር ብሮድዌይ ላይ መሪ ተዋናይ ሆነ። በ1944 በዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ፊልም ላይ ሲሠራ፣ ጥቁሩ ሰው በየንግግሩ «እሺ ጌታዬ» እያለ እንዲያጎነብስ አልፈለገም። ንግግሩን አስቀየረ። ያን ጊዜ ይህን ማድረግ እንጀራን የሚያሳጣ ድፍረት ነበር።

በ1947 «ቦዲ ኤንድ ሶል» በተባለው ፊልም ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የረጋበት ቦክሰኛ ሆኖ ሠራ። ወንድምሽ ይህን ፊልም ፈልጎ ይየው። ካሜራ ማኑ የሪንጉን ትዕይንት የቀረጸው ካሜራውን በእጁ ይዞ፣ ባለ ተሽከርካሪ ጎማ ጫማ (ሮለር ስኬት) አድርጎ እየተንሸራተተ ነው፤ ያም ቢሆን እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ የሊ ፊት ነው። ዓይኑን በቦክስ ያጣ ሰው፣ በቦክስ ሊሞት የተቃረበ ሰው ሆኖ ሲታይ ምንም የሚያስመስለው የለም።

መጨረሻው ከባድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኮሚኒስት ናቸው የተባሉ ሰዎች በሚታደኑበት በዚያ ዘመን ስሙ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገባ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን በራቸውን ዘጉበት። የመጨረሻ ፊልሙ የተቀረጸው በአፓርታይድ ዘመን ደቡብ አፍሪካ ነው፤ እሱና ሌላው ጥቁር ተዋናይ ሲድኒ ፖይቲየር እዚያ የገቡት እንደ ተዋናይ ሳይሆን የዳይሬክተሩ ቅጥር አገልጋዮች ተብለው ነው። በ1952 ሲሞት 45 ዓመቱ ነበር። ይህን ሰው እወደዋለሁ። ቦክስ ያስተማረውን አለመሸሽ ወደ ሥራው ይዞት መጣ።

አሁን ወደ ራሴ ልምድ ልምጣ። ለሰው የሚመስለው፣ ቦክሰኛ ወደ ፊልም ሲገባ የሚጠቅመው ቡጢው ነው። አይደለም። እንዲያውም ቡጢያችን ለካሜራ አይሆንም። እኛ የተማርነው አጭር፣ ፈጣን፣ ከትከሻ ሳይታወቅ የሚወጣ ጃብ (ቀጥተኛ የፊት እጅ ቡጢ) ነው። ካሜራው አያየውም። ዳይሬክተሩ «አስፋው፣ ቀስ አድርገው፣ ከሩቅ አምጣው» ይልሻል። ቡጢው ከተመታው ሰው ፊት ስንዝር ርቆ ያልፋል፤ ካሜራው ከጀርባ ስለሚሆን የተገናኘ ይመስላል፤ ድምፁ በኋላ ኤዲቲንግ ላይ ይገባል። ደግሞ ድብድቡን እውነት የሚያስመስለው መቺው ሳይሆን ተመቺው ነው። እሱ በጊዜው ካልተወረወረ ሁሉም ነገር ቀልድ ይሆናል። ይህን ለመማር ጥቂት ቀን ይበቃል።

ከባዱ ሌላ ነው። ቦክሰኛ ሕመሙን እንዲደብቅ ነው የሚሠለጥነው። አሠልጣኛችን «ብትመታም ፊትህ አይናገር» ይለን ነበር። ትክክል ነው፤ እንደተጎዳሽ ያየ ተጋጣሚ አይለቅሽም። አገጭ ወደ ደረት፣ ትከሻ ከፍ፣ ሆድ ጥብቅ። ይህ ዓመታት ሲደጋገም ሰውነት ላይ ይቀራል። የተዋናይ ሥራ ግን የተደበቀውን ማሳየት ነው።

በመጀመሪያው ድራማዬ የወንድሜን መርዶ የምሰማበት ትዕይንት ነበር። ውስጤ እየተቃጠለ ነው፤ ካሜራው ላይ ግን ምንም የለም። አዘጋጁ ደጋግሞ አስቀረጸኝ። «ቁጣ ነው የሚታየኝ፣ ሐዘኑ የታለ?» አለኝ። አብራኝ የምትሠራ አንጋፋ ተዋናይት ወደ ጎን ወሰደችኝና ሆዴን በጣቷ ነካ አደረገች። «ይህን ልቀቀው የኔ ልጅ» አለችኝ። አንድ ሰው ሊመታኝ እንደተዘጋጀ ሆዴን ጥርቅም አድርጌ ይዤው ነበር። ሆድ ሲጠብቅ ትንፋሽ ይያዛል። ትንፋሽ ሲያዝ ድምፅም እንባም ይያዛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቀረጻ በፊት ግድግዳ ተደግፌ ሆዴን እያላላሁ መተንፈስ ልማዴ ሆነ።

የአገጩም ነገር እንዲሁ ነው። አገጭ ዝቅ ሲል ዓይን ከቅንድብ ሥር ይሆናል። መብራቱ ከላይ ስለሆነ ዓይንሽ ጥላ ውስጥ ይገባል። ዝም ብለሽ ቆመሽ እንኳን የተቆጣሽ ትመስያለሽ። ለዚህ ነው ብዙ ቦክሰኞች ወንበዴና ጋርድ ብቻ እየሆኑ የሚቀሩት። ጡንቻው ብቻ አይደለም ምክንያቱ፣ አቋቋሙም ነው።

ችግሩ ደግሞ ወዲህ ነው። አገጭ ቀና ማድረግ የለመደ ሰው ማታ ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ሲገባ ይመታል። እኔ ቀን ልምምድ መድረክ፣ ማታ ጂም በምልበት ሰሞን ሁለቱም ጋ ግማሽ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ ወንድምሽ የውድድር ሰሞን ከሆነ ቦክሱን ብቻ ይሥራ። ሲያልቅ ትወናውን ይያዝ። በአንድ ሳምንት ሁለቱን ማጣመር አይመከርም።

ቦክስ የሚሰጠውም አለ፣ ብዙ ነው። ቦክሰኛ ተጋጣሚውን ያዳምጣል። የሚመጣውን ከትከሻ ያነባል እንጂ የራሱን ብቻ አይሸመድድም። ጀማሪ ተዋናይ ግን የራሱን ንግግር እያሰበ የጓደኛውን አይሰማም። እዚህ ላይ ወንድምሽ ከብዙዎች ይቀድማል። እግሩም ይጠቅመዋል፤ መሬት ላይ ምልክት ተደርጎ «እዚህ ቁም» ሲባል ቁልቁል ሳያይ ይቆማል። መደጋገም አይሰለቸውም። ጦሳ ተራራ ሥር በጠዋቱ ብርድ የሮጠ ልጅ ሌሊት 10 ሰዓት ለቀረጻ ተነሥ ሲባል አያማርርም።

ዓይኑን ግን አደራ። ይህን ለእናትሽ ሳይሆን ለራሱ ንገሪው። ብልጭ ብልጭ የሚል ብርሃን፣ አዲስ የሚንሳፈፍ ጥቁር ነጥብ፣ ወይም ከዓይኑ ጥግ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካየ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ይሂድ። «ነገ ይተወኛል» አይባልም፤ የሬቲና ጉዳት ጊዜ አይሰጥም። የጭንቅላት መከላከያ ካለው ልምምድ ላይ ያድርግ። ቅንድብ እንዳይቀደድ ይረዳዋል። አንጎሉን ግን ከመናወጥ አያድነውም፤ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከዞረበት ሐኪም ሳያየውና ሙሉ በሙሉ ሳይሻለው ስፓሪንግ አይግባ። ሚኪ ሩርክ ታዋቂ ተዋናይ ሆኖ ሳለ ከ1991 እስከ 1994 ወደ ቦክስ ተመለሰ። ስምንት ግጥሚያ አድርጎ አንዱንም አልተሸነፈም። ፊቱ ግን ተሰባበረ፣ ደጋግሞ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። ሳይሸነፍም እንዲህ ነው።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ። መጀመሪያ ላይ አያኖርም። አጃቢ ሆነሽ የምታገኚው ትራንስፖርትና ምሳ ሊሆን ይችላል። እኔ ሙሉ ፊልም ሠርቼ አንድ ፕሮዳክሽን ከፋዩ ጠፍቶብኛል፤ በቃል ነበር የተስማማነው። ስለዚህ ውል በጽሑፍ፣ ግማሹ በቅድሚያ። ከዚህ ውጪ አይጀምር። ሌላ ገቢም ይኑረው። ኮምቦልቻ ሥራ ያለባት ከተማ ናት፤ ፋብሪካው አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። በፈረቃ የሚሠራ ልጅ ለልምምድ ጊዜ ያገኛል። እኔም ለረጅም ጊዜ የኖርኩት ጠዋት ልጆች በማሠልጠን ነው።

አዲስ አበባ ይሂድ ወይ ላልሽው፣ አሁን አይሂድ። ማንንም ሳያውቅ፣ ምንም ሳይሠራ ሄዶ ቤት ኪራይ ይበላዋል። ወሎ የኪነት አገር ነው። በደርግ ዘመን የወሎ ላሊበላ ኪነት ከዚሁ ከደሴ ተነሥቶ ነው አገር ያወቀው። ኮምቦልቻም ደሴም ቲያትር የሚሞክሩ ወጣቶች አሉ። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ለመድረስ አንድ ሚኒባስ ነው። እዚህ መድረክ ላይ ይውደቅ፣ ይነሣ። ሰው ፊት ቆሞ ድምፁ እስከ ኋላ ወንበር ይድረስ። ካሜራው ከዚያ በኋላ ይመጣል። አነጋገሩንም አይፈርበት። የአዲስ አበባውን ይጨምርበት እንጂ የወሎውን አይጣለው።

ሁልጊዜ ዱርዬ ሁን ሲሉትስ? መጀመሪያ ላይ ይቀበል፤ እኔም ለዓመታት የጭፈራ ቤት ጠባቂ ሆኜ ተጫውቻለሁ። ነገር ግን በእያንዳንዱ ዱርዬ ውስጥ አንድ የራሱ ነገር ያስገባ። አንዴ የሠራሁት ጠባቂ ለልጁ ስልክ የሚደውልበት ትንሽ ትዕይንት እንዲኖረው ዳይሬክተሩን ለመንኩት፣ ፈቀደልኝ። ቀጥሎ የአባት ገጸ ባሕርይ ያገኘሁት በዚያች ትዕይንት ነው።

ለጊዜው አንድ ነገር ያድርግ። በስልኩ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይቅረጽ። ጓንት የለም፣ ቡጢ የለም፣ ጡንቻ ማሳየት የለም። መስኮት ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ አገጩን ቀና፣ ሆዱን ላላ አድርጎ፣ ለእናቱ «ቦክሱን ልተው ነው» ብሎ የሚነግርበትን ንግግር ራሱ ጽፎ ይጫወተው። አንቺ ካሜራውን ያዢለት። ከዚያ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አይቼ ያሰብኩትን ሳልደብቅ እጽፍለታለሁ። ደሴ ሲመጣም አብረውኝ ከሚለማመዱ ልጆች ጋር አገናኘዋለሁ።