መልስ፦ መንፈሳዊ የፍቅር ልብወለድ ስብከት አይበዛበትም?

እህቴ፣ «ስለ ይቅርታ የሚያወራ መንፈሳዊ የፍቅር ልብወለድ ስብከት አይበዛበትም ወይ?» ላልሽው፣ ጥሩ ከተጻፈ አይበዛበትም። ቅዳሜ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ አንዱን ጀመርኩ። ሳልጨርስ አልተነሣሁም። የደንገል ታንኳዎች ሲያልፉ እንኳ ቀና አላልኩም። ልጅቷ እጮኛዋን ይቅር የምትለው ተሰብኮላት አይደለም፤ ቡና ስትቀዳለት እጇ ሲንቀጠቀጥ ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ መሀል ገብቶ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲባል የሚወርደውን ዝምታ ታውቂው የለ? እሱን አስታወሰኝ። ደግሞ ያስቃል! በማቴዎስ 18 ጴጥሮስ «እስከ ሰባት ጊዜን?» ሲል፣ ጌታ «እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት» ይለዋል አይደል? ልጅቷ የእጮኛዋን ጥፋት በደብተር ትቆጥራለች። መጨረሻው ቀድሞ ይታወቃል፣ ግን ደስ ይላል። የመጀመሪያዎቹ 20 ገጾች ቀስ ይላሉ፤ ታገሻቸው።